የወይዘሮ ዝማም አንድ መስመር

ይህን አገር በካርታ ላይ አትፈልጉት። ካርታ ሠሪዎች አንድ ጊዜ እስከ በሩ መጥተው ነበር አሉ፤ የአባልነት መዋጮ ስላልከፈሉ ሳይገቡ ተመለሱ። እኔ ደብሪቱ ግን እዚያው ተወልጄ እዚያው ያረጀሁ ነኝና የማወራችሁን ከሌላ ሰው አልሰማሁትም። በወሬዬ ውስጥ ክፉ ሰው ብታጡ አትቀየሙኝ። አገራችን ክፉ ሰው አልነበረባትም፤ ሹም ግን ሞልቷል።

ከተራራው ሥር ፍልውሃ አለን። ውሃው ከአለት መካከል እየተንተከተከ ይወጣና በጥርብ ድንጋይ በተሠሩ ሁለት ገንዳዎች ይጠራቀማል፤ አንዱ የወንዶች፣ አንዱ የሴቶች ነው። ወገቡን የሚያመው፣ ቁርጥማት የያዘው፣ ወይም እንዲያው ብርዱ ያስመረረው ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ ገብቶ ይነከራል። ገንዳውን የሚያጸዳ፣ ጣራውን የሚያድስ፣ በሩን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋልና መቶ ዐሥራ ሁለት ቤት ሆነን ማኅበር አቋቁመናል። መዋጮው በወር አንድ አላድ ነው። አንድ አላድ ማንንም አያደኸይም፤ ያልከፈለ ግን አይነከርም።

ይህን መዋጮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰበሰበልን ጋሽ ቢተው ነው። የቆዳ ኮሮጆውን በትከሻው አንግቶ ከቤት ቤት ይዞር ነበር። እንግዲህ በእኛ አገር ሰላምታ ሳያልቅ የገንዘብ ነገር ማንሳት ነውር ነው። ሰላምታውም እንዲሁ «ደኅና ናችሁ?» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ባልየው ይጠየቃል፣ ሚስቲቱ ትጠየቃለች፣ ልጆች በየስማቸው ይጠየቃሉ፣ ከዚያ ላሚቱ፣ በቅሎው፣ የጓሮው ጎመን ሳይቀር። የተጠየቀውም በተራው ይጠይቃል። ስለዚህ ጋሽ ቢተው ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ከመጀመሪያው ቤት ተነሥቶ፣ ወሩ ሊያልቅ ሲል መጨረሻው ቤት ይደርሳል። በማግስቱ እንደገና ይጀምራል።

ይህ ነገር ሊቀ መዋጮ አስናቀን አላስደሰታቸውም። ሊቀ መዋጮ ማለት በማኅበራችን ከሁሉ በላይ ያለው ሹመት ነው። ሰውየው ስሌት ይወዳሉ። ቁጭ ብለው አሰሉና ጋሽ ቢተው ከወሩ ሃያ ዘጠኙን ቀን የሚያጠፋው ለሰላምታ፣ አንዷን ቀን ብቻ ለመዋጮ መሆኑን ደረሱበት። በዚያው ሰሞን ደግሞ የባሕር ማዶ ነጋዴዎች ነጋሪ ድንጋይ የሚባል ነገር ይዘው መጡ።

ነጋሪ ድንጋይ መዳፍ የሚያህል ልሙጥ ጥቁር ድንጋይ ነው። አንዱ በጣቱ የጻፈበት ነገር በዚያው ቅጽበት በማኅበርተኛው ሁሉ ድንጋይ ላይ ይወጣል። ከሥሩ ትንሽ አፍ አለው፤ አላድ ሲያጎርሱት ይውጥና «እገሌ ከፍሏል» ብሎ ራሱ ይጽፋል። የተዋጠው አላድ በማኅበሩ ሣጥን ውስጥ ዱብ ይላል። እንዴት እንደሚሄድ አትጠይቁኝ፤ ነጋዴዎቹን ጠይቀናቸው እነሱም አያውቁትም ነበር። ድንጋዩ የሚይዘው ዐሥራ ሁለት መስመር ብቻ ነው። ዐሥራ ሦስተኛው ሲጻፍ የመጀመሪያው ላይመለስ ይጠፋል፤ ሌሊት ሲሆን ደግሞ የቀረው ሁሉ ይጠፋል።

ጋሽ ቢተው በክብር ተሰናበተ። ካባ ተሸለመ፤ «እንግዲህ እረፍ» ተባለ። ማረፍ ግን አልሆነለትም። ለአንድ ወር ያህል ባዶ እጁን በየደጃችን እያለፈ ሰላምታ ብቻ ይሰበስብ ነበር።

ከዚያ ደንቡ ታወጀ። መዋጮ በእጅ መቀበል ክልክል ሆነ። ከፈለ የሚባለው «ከፍሏል» የሚለው መስመር ሲወጣ የዓይን ምስክሩ በዓይኑ ያየው ሰው ብቻ ነው። ሦስት ወር ያልታየ ይሰረዛል፣ ድንጋዩም ይደነቁራል፤ የጻፈበት ለሌላው አይደርስም፣ የሌላውም ለእሱ። የዓይን ምስክር ሆኖ የተሾመው ይርዳው የሚባል ጠንቃቃ ጎልማሳ ነው። ከፍ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ከጠዋት እስከ ማታ ድንጋዩን ያያል፣ ያየውን ይመዘግባል። ዓይኑን ሲያርገበግብ የሚያመልጥ መስመር እንዳይኖርም የጥቅሻ ተጠባባቂ የሚባል ምክትል ተሾመለት። ተጠባባቂው የሚያየው ይርዳው ሲያርገበግብ ብቻ ነው፤ በሌላ ጊዜ እንዲያይ አልተፈቀደለትም።

ሁሉን አስበው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ረሱ፤ ድንጋዩን የሰጡት ለእኛ መሆኑን።

በመጀመሪያው ቀን ሊቀ መዋጮ «የወሩ መዋጮ ይከፈል» ብለው ጻፉ። በቃ፣ ይኸው ብቻ! እንዴት አደራችሁ የለ፣ ምን የለ። ደነገጥን። ሰውየው ታመዋል ማለት ነው ብለን መቶ ዐሥራ ሁለታችንም «ምነው በደኅና?» ብለን ጠየቅን። እሳቸው ደኅና ነኝ ሲሉ «እሰይ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልን። ያን ቀን አንድም ሰው አልከፈለም። ቀስ በቀስ ግን ለመድነው። ጠዋት ጠዋት ሰላምታችንን እንጨርስና ከሰዓት በኋላ ድንጋዩ ቀዝቀዝ ሲል አላዳችንን እናጎርሳለን፤ መስመራችን ረጋ ብሎ ይቆያል፣ ይርዳው አይቶ ይመዘግባል። ሹሞቹም ደስ አላቸው። እውነቱን ልናገር፣ እኛንም ደስ ብሎን ነበር። ከአልጋዬ ሳልነሣ አገር ምድሩን እንዴት አደራችሁ ማለት እንዴት ያለ ነገር ነው!

ከእኔ ቤት ሃምሳ እርምጃ ርቃ ወይዘሮ ዝማም ትኖራለች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። ጉልበቷን ቁርጥማት ይዟታል። ሳምንቱን ግድግዳ እየደገፈች ትሄድና ቅዳሜ ፍልውሃ ስትነከር ለሦስት ለአራት ቀን ጉልበቷ ይታዘዝላታል። ውሃ ትቀዳለች፣ ገበያ ትወርዳለች። ለእኛ ፍልውሃው ደስታ ነው፤ ለዝማም እግሯ ነበር።

ድንጋዩ በመጣ በሁለተኛው ወር ዝማም ከሰዓት በኋላ አላዷን አጎረሰች። «ዝማም ከፍላለች» የሚለው ወጣ። ባዶ ገንዘብ መወርወር ነውር መስሎ ስለታያት ከሥሩ «ጉልበቴን ትንሽ አሞኛል እንጂ ደኅና ነኝ፣ እናንተስ?» ብላ ጨመረችበት። እንግዲህ ዝማም አሞኛል ስትል ማን ዝም ይላል? «እግዚአብሔር ይማርሽ» ብዬ የጻፍኩት የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። አራት መስመር ጻፍኩ። የፌጦ ቅባት እንድትቀባም መከርኳት። መቶ ዐሥር ሰው ተከተለኝ። እሷ ደግሞ ጨዋ ናትና ለእያንዳንዱ «አሜን» አለች። የከፈለችበት መስመር ትንፋሽ እስክትወስዱ እንኳ አልቆየም። ይርዳው በዚያች ሰዓት እያስነጠሰው ነበር አሉ፤ ተጠባባቂው ደግሞ ለጥቅሻ እንጂ ለማስነጠስ አልተሾመም።

በሚቀጥለው ወር ስሟ ገና ብቅ ሲል «ጉልበትሽስ?» አልናት፤ ሁላችንም። ከዚያ ቀጥሎ ባለውም ወር እንዲሁ። እኛ ጤነኞቹ ስንከፍል ማንም ምንም ስለማይለን መስመራችን ይኖራል። የታመመችዋን ግን በገዛ እጃችን፣ በደግነታችን ቀበርናት። ይህን ስናገር ዛሬም ፊቴ ይግላል።

የሩብ ዓመቱ ሣጥን ሲቆጠር ከመዝገቡ ሦስት አላድ በልጦ ተገኘ። በአላድ ላይ ስም አይጻፍም። ሹሞቹ ተሰብስበው ሲመክሩ ዋሉና ሊቀ መዋጮ «ማኅበራችን ባለቤቱ ያልታወቀ ሦስት አላድ በረከት አግኝቷል» ብለው አበሠሩን። መቶ ዐሥራ ሁለታችንም «አሜን» አልን። በማግስቱ ዝማም ተሰረዘች፤ ለእኛ የነገረን የለም።

ቅዳሜ ማለዳ በትሯን ይዛ ፍልውሃ ብትሄድ በር ጠባቂው እጁን ዘርግቶ አስቆማት።

«እትዬ፣ ከመዝገብ ወጥተዋል» አላት።

«ምነው? ከፍያለሁ እኮ!»

«አቤቱታ ካለዎት በድንጋይ ነው የሚቀርበው።»

«ድንጋዬ ደንቁሯል ልጄ።»

«እሱንም በድንጋይ ያመልክቱ» አላት። ልጁ ያለቅጥ አዝኗል፤ በርጩማውን አንሥቶ አስቀመጣት፣ ውሃ አጠጣት። ከበሩ ግን አላሳለፋትም።

እኔ ያን ሰሞን ጉንፋን ይዞኝ ከቤት አልወጣሁም። በድንጋዬ ላይ «ዝማም ምነው ጠፋሽ?» ብዬ ጻፍኩ። መልስ ሳጣ ተቀየምኩ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ተቀየምኩ! ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው ሃምሳዋን እርምጃ ተራምጄ ደጇ የደረስኩት። መደብ ላይ ተቀምጣለች። እንስራዋ ባዶ ነው። እኔን ስታይ ልትነሣ ግድግዳውን ያዘች፣ አልሆነላትም። ተቀምጣ ሁሉን አጫወተችኝ።

«ለምን ሰው አልላክሽብኝም?» አልኳት።

«ከማኅበር ተሰረዝኩ ብዬ? አፈርኩ» አለች። «ደግሞስ ማንን ልላክ? ድሮ ወር በገባ ቁጥር ጋሽ ቢተው ይመጣ ነበር። አሁን ደጄን የሚያንኳኳ የለም እኮ ደብሪቱ።»

አለቀስኩ። ከዚያ እንስራዋን ሞላሁላትና ቀጥታ ወደ ጋሽ ቢተው ሄድኩ።

ጋሽ ቢተው ሥራ ካጣ ወዲህ ደንቡን ሲያነብ ይውል ስለነበር ከሹሞቹ በተሻለ ያውቀዋል። አንድ አንቀጽ አገኘልን። የተሰረዘ ሰው፣ ሌላ አባል በስሙ ከፍሎለት የዓይን ምስክሩ መስመሩን ካየ ይመለሳል።

«ከእኔ ድንጋይ እከፍልላታለሁ» አለ። «ችግሩ እናንተ ናችሁ። ስሟ ብቅ ሲል ትንጫጫላችሁ።»

«ታዲያ ምን እናድርግ?»

«ዝም በሉ።»

«ሁላችንም?»

«ሁላችሁም። ሐሙስ ከማለዳ እስከ ማታ ማንም ድንጋዩን እንዳይነካ።»

«ሰው ቢታመምስ? ሰው ቢወልድስ?»

«ሄደሽ ጠይቂያ!» አለኝ ተቆጥቶ።

ይህን በድንጋይ ብንጽፈው መቶ ዐሥራ አንድ «እሺ» እና መቶ ዐሥራ አንድ «ለምን?» ስለሚከተለው ጋሽ ቢተው ካባውን ለብሶ ከሹሞቹ በቀር ከቤት ቤት ዞሮ በአፉ ተናገረ። ሰላምታውን አሳጥሮ በሦስት ቀን ጨረሰ። በሕይወቱ እንዲህ ቸኩሎ አያውቅም።

ሐሙስ ጠዋት በድንጋዬ ላይ «ዝማም ከፍላለች» የሚል መስመር ወጣ። ከሥሩ ምንም አልነበረም። አቤት ያን ቀን የቻልነው! የአንዲት ጎረቤቴ ላም መንታ ወለደች፤ ዝም። ከወንዝ ማዶ ያለው አናጢ ጥርሱን ሲያመው አድሮ ጉንጩ አብጧል፤ ዝም። እኔማ ጣቴን ስላላመንኩት ድንጋዩን በእንቅብ ደፍቼ ላዩ ላይ ተቀመጥኩበት። በኋላ ግን መንገዱ በሰው ተሞላ። ላሟን ሊያዩ የሚሄዱ፣ አናጢውን ሊጠይቁ የሚሄዱ፣ ምንም ሳይኖራቸው ወጥተው የሚቆሙ። ወራት ያልተያዩ ሰዎች መንገድ ላይ ተሳሳሙ። በድንጋዩ ላይ ግን ያቺ አንዲት መስመር ብቻዋን ነበረች። እኔም እንቅቡን ጥዬ ከዝማም ዘንድ ሄጄ ተቀመጥኩ።

አሁን የሹሞቹን ነገር ስሙ። ይርዳው መስመሩን አየው። ሊመዘግብ ብዕሩን አነሣና ከሥሩ የሚከተል መስመር ሲያጣ ቆመ። በደንቡ መጨረሻ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ «አንድ መስመር ከሩብ ሰዓት በላይ ከቆየ ድንጋዩ ተበላሽቷል» ይላልና ሩብ ሰዓት ጠበቀ። መስመሩ ንቅንቅ አላለም። ተጠባባቂውን «ለአንተስ ምን ይታይሃል?» አለው። ተጠባባቂው ይርዳው እስኪያርገበግብ ጠብቆ አየና «ያው ነው» አለ። ስለዚህ ይርዳው ከመዝገቡ ላይ «ብልሽት» ብሎ ጽፎ ወደ ሊቀ መዋጮ ሮጠ።

ሊቀ መዋጮ ድንጋያቸውን ሲያዩት እውነትም አንድ መስመር ብቻ። ከተሾሙ ጀምሮ እንዲህ ያለ ዝምታ ገጥሟቸው አያውቅም። መጀመሪያ ድንጋዩን በጨርቅ ወለወሉ። ቀጥለው «ሰላም ነው?» ብለው ጻፉ። እስከ ቀትር በኋላ ጠበቁ፤ የመለሰላቸው የለም። ያን ጊዜ ፈሩ፤ ሕዝቡ አንድ ነገር ሆኗል ብለው ፈሩ። ይርዳውን አስከትለው በእግራቸው ቢወጡ መንገዱን የሞላው ሰው ሁሉ ደኅና ነው። ከዚያች ካንዲቷ መስመር ስም ልጀምር ብለው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከዝማም ደጅ ደረሱ።

«ቤቶች!» አሉ።

«ደጆች!» አልኩ እኔ።

ገቡ። «ኖር» አለች ዝማም፤ አለችና ግድግዳውን ይዛ በግማሽ ተነሥታ መልሳ ተቀመጠች። በእኛ አገር ለእንግዳ የማይነሣ ሰው የለም። ሊቀ መዋጮ ይህን አዩ።

«በእግዜር፣ በእግዜር። አይነሡ እትዬ። ድንጋዩ ሁሉ ተበላሽቷል መሰለኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ የሚታየው የርስዎ ስም ብቻ ነውና...»

«መጀመሪያ እንዴት ዋሉ?» አለች ዝማም።

«እ... ደኅና ዋልኩ።»

«ባለቤትዎ? ልጆችስ? ያቺ ትንሿ እግሯን ያማት የነበረችው ተሻላት? በቅሎውስ?»

«በቅሎው እንኳ ሞተ» አሉ ሊቀ መዋጮ፤ ድምፃቸው ወረደ። በቅሎው ከሞተ ሁለት ወር ሆኖታል። በድንጋዩ ላይ የሚጽፉት የማኅበር ጉዳይ ብቻ ስለሆነ ማንም አላወቀም፤ ማንምም አልጠየቃቸው።

«ውይ በሞትኩት! እንዴት ያለ ሰጋር ነበር!» አለች ዝማም፤ ከልቧ አዘነች። ሰውየው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«ድንጋዩ አልተበላሸም» አልኩ እኔ። «እኛ ነን ዝም ያልነው።»

«ለምን?»

«ይርዳው አንድ መስመር እንዲያይ።»

ይርዳው ከበሩ ደፍ ላይ እንደቆመ «አይቻለሁ እኮ» አለ። «ግን በጣም ቆየ። የቆየ መስመር ብልሽት ነው ይላል ደንቡ።»

«ሲጠፋ አላየህም፤ ሲቆይ አላመንክም። ታዲያ ይቺ ሴትዮ መቼ ትክፈልልህ?»

ይርዳው ጨዋ ልጅ ነው፣ አንገቱን ደፋ። ሊቀ መዋጮ ወደ ዝማም ዞሩ።

«ሳይከፍሉ የቀሩት ስንት ወር ነው?»

«አንድም ወር አልቀረሁ። ሦስቱንም ወር ከፍያለሁ፣ ሦስት አላድ አጉርሻለሁ።»

«ሦስቱም አልታየም» አለ ይርዳው ቀስ ብሎ።

ሊቀ መዋጮ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ሲያጥፉ አየሁ። ስሌት የሚወዱ ሰው ናቸው ብያችኋለሁ፤ ሦስት ለመድረስ ግን ያን ያህል ጊዜ የወሰደባቸው ቀን አልነበረም።

«ይርዳው፣ ያ ባለቤት ያጣው ገንዘብ ስንት ነበር?»

«በረከቱ? ሦስት አላድ።»

ከዚያ ዝማም «በረከት የተባለው የእኔ ነው እንዴ? እኔ እኮ አሜን ብዬበታለሁ!» አለችና በሳቅ ፍርስ አለች። እኔ ተከተልኩ፣ ይርዳውም አፉን በእጁ ይዞ ተከተለን። ሊቀ መዋጮ በመጨረሻ ሳቁ፤ ሲስቁ ግን ዓይናቸው ዕንባ አቅርሮ ነበር።

«እትዬ ዝማም፣ ይቅር ይበሉኝ» አሉ። «ለጉልበትዎ እኔ ነኝ ያልደረስኩለት።»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አለች።

ይርዳው መመለሷን በድንጋዩ ላይ ሊያበሥር ጣቱን ሲያነሣ ሦስታችንም ባንድ አፍ «አትጻፍ!» አልነው። በእግሩ ሄዶ ለበር ጠባቂው ነገረው።

ከዚያ ወዲህ ደንቡ አንድ ቦታ ላይ ተሻሽሏል። የዓይን ምስክሩ ያላየውን ሰው ከመሰረዙ በፊት ደጁ ድረስ ሄዶ ያየዋል፤ ሰላምታውንም ሳያቋርጥ ይጨርሳል። ተጠባባቂውም አብሮት ይሄዳል፣ አሁን ሁልጊዜ እንዲያይ ተፈቅዶለታል። ድንጋዩን አልጣልነውም። ምን በወጣው! ጥሩ ነገር ነው፤ ጠዋት ጠዋት እንንጫጫበታለን።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ዝማምን በአንድ ወገን እኔ፣ በአንድ ወገን የአናጢው ሚስት ደግፈን ፍልውሃ ወሰድናት። ከደረጃው ላይ ቀስ እያለች ወረደች። ውሃው ጉልበቷን ሲሸፍነው ዓይኗን ጨፍና «እፎይ!» አለች። ረጅም ጊዜ እንደዚያው ቆየች። ከዚያ እግሯን በውሃው ውስጥ ዘረጋች፣ አጠፈች፣ እንደገና ዘረጋች። አጠገቧ ገባሁ።

«ደብሪቱ» አለችኝ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ሐሙስ ለት ስንት ነገር ዋጥሽ?»

«ተይኝ፣ ልፈነዳ ነበር።»

«እስቲ አሁን በይው።»

እግዚአብሔር ይማርሽ ብዬ ጀመርኩ። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ፌጦው ቅባት፣ ስለ ባዶው እንስራ፣ ሃምሳ እርምጃ መሄድ ስላቃተኝ ስለዚያ ሁሉ ሳምንት፣ ጣቶቻችን በውሃው እስኪጨማደዱ ድረስ አወራሁ። እሷም ለእያንዳንዱ አሜን አለችልኝ፤ አንዱም ሳያመልጠኝ ሰማኋት።